ለኮጋ ወፎች ማን ይመስክር? አንድ ቴሌስኮፕና አንድ የኪስ ካሜራ

መራዊ የሚለው ስም በቅርብ ዓመታት በዜና የተነሳው በበጎ አይደለም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በከተማዋ ስለተፈጸመው ግድያ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባወጣው መግለጫ፣ ማንነታቸውን ያረጋገጠው ሟች ሰላማዊ ሰዎች ቢያንስ 45 መሆናቸውን ገልጿል። «ቢያንስ» የምትለው ቃል ብዙ ትናገራለች። በወቅቱ ያልተመዘገበ ነገር ቁጥሩ ሁልጊዜ በ«ቢያንስ» ይጀምራል። ጥቂት ሲቆይ «ተብሎ ነበር» ይሆናል። ሲውል ሲያድር ደግሞ «መቼ ሆነና!» የሚል ይመጣል።

እንዲህ ባለ ከተማ ስለ ወፍ ፎቶግራፍ ማንሳት ቅንጦት ይመስላል። «ሰው ሲረግፍ ዝም ብላችሁ ለወፍ ታለቅሳላችሁ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የሰው ሕይወት ከምንም ነገር ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ነገሩ ወፍን ከሰው የማስበለጥ ጉዳይ አይደለም። አንድ አካባቢ በራሱ ሰዎች እጅ፣ በቀንና በቦታ፣ የራሱን ነገር የመመዝገብ አቅም አለው ወይስ የለውም የሚል ጉዳይ ነው። ይህ አቅም ለሰውም፣ ለመሬትም፣ ለውሃም፣ ለወፍም አንድ ነው። ከወፍ መጀመር የሚቻለው ደግሞ ወፍ የውሃና የረግረግ ጤንነት ርካሽ መለኪያ ስለሆነች ነው። ረግረግ ሲደርቅ፣ ዓሣ ሲቀንስ፣ እምቦጭ ውሃውን ሲሸፍን፣ ከባለሙያ ሪፖርት ቀድሞ የሚለወጠው በዳርቻው የሚውለው የወፍ ዓይነትና ብዛት ነው።

የመከራከሪያው ፍሬ ነገር አጭር ነው። በጣና ዙሪያና በኮጋ ዳርቻ ላሉ ሰዎች የሚያስፈልገው ውድና ረጅም ዙም ያለው ካሜራ አይደለም። የሚያስፈልገው በጋራ የሚያዝ አንድ ጥሩ ቴሌስኮፕ፣ ከጀርባው የሚገጠም ትንሽ ካሜራ ወይም በኪስ ያለ ስልክ፣ ከእነዚህም በላይ «ይህ ሰው የእኔ ነው» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ነው።

የተመዘገበውና የቀረው

የጣና ተፋሰስ ወፎች ሳይጻፉ የቀሩ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ወፎችን እየሳለ፣ ከአገሬው ሰው የሰማውን ስም ጭምር ጽፎ አስቀርቷል። እርኩም ከእነዚያ አንዷ ናት። በ1830ዎቹ ጎንደር ድረስ የዘለቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል የሰበሰባቸው ናሙናዎች ፍራንክፈርት በሚገኘው የዜንከንበርግ ሙዚየም ገቡ። ከመራዊ ወደ ደቡብ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ ባለችው በዳንግላ፣ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም የጣናን ዳርቻ በእግሩ እየዞረ ካርታ ያነሳ፣ ወፎችንም የሰበሰበ ሰው ነው፤ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ የሚናቅ አይደለም። ግን የዚያ ዘመን ማስረጃ የሚገኘው በጠመንጃ ነበር። ወፏ ትገደላለች፣ ቆዳዋ ይደርቃል፣ በሣጥን ታሽጋ ባሕር ትሻገራለች። ስለ ጣና ወፍ ማጣራት የፈለገ ሰው መሳቢያው ወዳለበት አውሮፓ መሄድ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 እ.ኤ.አ. ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ በመጽሐፍ አወጣ፤ ጣናና ፎገራ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። በባሕር ዳር አጠገብ ስላሉት የእንፍራንዝና የይጋንዳ ረግረጎች ወፎች ሽመልስ አይናለምና አፈወርቅ በቀለ በ2008 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኔስኮ ጣናን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቧል።

ኮጋ ግን ሌላ ነው። በ1996ቱ መጽሐፍ ውስጥ ኮጋን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ያን ጊዜ ግድቡ አልነበረምና። የኮጋ ወንዝ የግልገል ዓባይ ገባር ነው፤ ግልገል ዓባይ ደግሞ ጣና ይገባል። ወንዙ ከመራዊ አጠገብ ተገድቦ፣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የታቀደ የመስኖ ሥራ ተዘረጋ። በዚህ ምክንያት ሜዳ የነበረው ውሃ ሆነ፤ በበጋ ፆም ያድር የነበረው ማሳ ስንዴ፣ ሽንኩርትና ድንች አበቀለ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ መሬቱ መልኩን ቀየረ። ወፎቹስ? የትኞቹ መጡ፣ የትኞቹ ሄዱ፣ በየትኛው ወር ይበዛሉ? እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በየዓመቱ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚያዝ መዝገብ ብቻ ነው። ያን መዝገብ ሊይዝ የሚችለው ደግሞ በዓመት አንዴ ከአዲስ አበባ ወይም ከበርሊን የሚመጣ ሰው ሳይሆን እዚያው የሚኖር ሰው ነው።

ትንሿ ካሜራ ለምን ትበልጣለች?

ካሜራን ከቴሌስኮፕ ጀርባ ገጥሞ የሩቅ ወፍ ፎቶ ማንሳት ዲጂስኮፒንግ ይባላል። ዘዴውን በ1999 እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ማሌዥያዊው ወፍ ተመልካች ሎረንስ ፖህ ነው። የያዘው ካሜራ ኒኮን ኩልፒክስ 950 የተባለ፣ ሁለት ሜጋፒክስል ብቻ ያላት የኪስ ካሜራ ነበረች። ዛሬ በየቤቱ ያለው ርካሽ ስልክ በፒክስል ብዛት ይበልጣታል። ያም ሆኖ በዚያን ጊዜ ትልልቅ ሌንስ የተሸከሙ ባለሙያዎች ያላገኙትን ፎቶ አነሳባት።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ቴሌስኮፕ በዓይን በኩል የሚያወጣው ብርሃን እንደ ቀጭን ምሰሶ ነው። የምሰሶው ውፍረት የሚገኘው የፊተኛው መስታወት ስፋት ለማጉሊያው ሲካፈል ነው። ፊቱ 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ 20 ጊዜ ሲያጎላ የ3 ሚሊ ሜትር ብርሃን ያወጣል፤ 60 ጊዜ ሲያጎላ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ። ይህን ቀጭን ብርሃን ለመቀበል ትልቅ ሌንስ አይጠቅምም፤ እንዲያውም ትልቁ ሌንስ አብዛኛውን የሚያየው የቴሌስኮፑን ጨለማ ግድግዳ ስለሆነ ፎቶው በጥቁር ክብ ተከቦ መሐሉ ላይ ጠብታ የምታህል ምስል ይወጣል። የሰው ዓይን ብሌን ትንሽ ናት፤ ቴሌስኮፑም የተሠራው ለእሷ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ካሜራ ዓይንን የሚመስል፣ ትንሽ ሌንስ ያለው ነው።

ከዚህ በመነሳት የኪስ ካሜራ ለመምረጥ የሚያስፈልጉት ነጥቦች ግልጽ ይሆናሉ። ዙሟ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ቢሆን ይበቃል፤ ሃያና ሠላሳ እጥፍ ዙም ያላቸው የኪስ ካሜራዎች ሌንሳቸው እየረዘመ ስለሚወጣ ከቴሌስኮፑ ጋር ይጋጫል፣ ጥቁሩ ክብም አይለቃቸውም። ሌንሷ ሲበራ ወደ ውጭ የማይወጣ ወይም ጥቂት ብቻ የሚወጣ ቢሆን ይመረጣል። ቁልፍ ከተጫነ ከሁለት ሰከንድ በኋላ የምታነሳበት የጊዜ ማቆያ፣ ብርሃንን ቀነስና ጨመር ማድረጊያ፣ በፀሐይ የሚታይ ስክሪን ያስፈልጋታል።

ሌላው ነጥብ በመጽሔት ላይ አይጻፍም፤ በመራዊ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ካርዷና ባትሪዋ ከየት ይገኛሉ? የዲጂስኮፒንግ አንጋፋ የሆነችው ኩልፒክስ 950 ዛሬ በርካሽ ብትገኝ እንኳ የምትጠቀምበት ኮምፓክትፍላሽ ካርድ በየሱቁ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ስም ያላትን አሮጌ ካሜራ ከመግዛት ተራ ኤስዲ ካርድ የምትወስድ ስም የሌላት ካሜራ ትሻላለች። በተራ የድንጋይ ባትሪ የምትሠራ ከሆነች ደግሞ መብራት በጠፋ ቀን ባለቤቷን አታሳፍርም።

ስልክስ? ዛሬ ላይ ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው መልስ ስልክ ነው። ሌንሱ ትንሽ ነው፤ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ቀኑንና ሰዓቱን በራሱ ይጽፋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሁለትና ሦስት ሌንስ ያላቸው ስልኮች ዙም ሲደረጉ ሳይነግሩ ሌንስ ይቀይራሉ፤ አዲሱ ሌንስ ከቴሌስኮፑ መሐል ውጭ ስለሆነ ምስሉ ድንገት ድርግም ይላል። ስለዚህ በዋናው ሌንስ መጀመር፣ ጥቁሩ ክብ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ጥቂት ዙም ማድረግ ነው። አንድ ሌንስ ያለው አሮጌ ስልክ በዚህ ሥራ ከአዲሱ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ሒሳቡም ያስገርማል። የስልክ ዋና ሌንስ በፎቶ ባለሙያዎች መለኪያ 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 20 ጊዜ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ላይ ሲገጠም 520 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የስፖርት ፎቶ አንሺዎች በትከሻቸው የሚሸከሙት ሌንስ ያህል ነው። 100 ሚሊ ሜትር ድረስ ዙም የምታደርግ የኪስ ካሜራ 30 ጊዜ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ላይ 3,000 ሚሊ ሜትር ትደርሳለች።

ማያያዣው

ለእያንዳንዱ ካሜራና ቴሌስኮፕ የተሠራ የብረት ማያያዣ ውጭ አገር ይሸጣል። ከዚህ ሆኖ ማዘዝ ግን የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ደጅ ጥናት ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የቧንቧ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ የሚገኝ ቁራጭ የፒቪሲ ቱቦ ይህን ሥራ ይሠራል። የቱቦው የውስጥ ስፋት ከቴሌስኮፑ የዓይን ጫፍ ጥቂት የሚሰፋ ይመረጣል፤ ክፍተቱ ከተጣለ የብስክሌት ጎማ ውስጥ በተቆረጠ ላስቲክ ይሞላል፤ እንዲህ ከሆነ አጥብቆ ይይዛል፣ መስታወቱንም አይጭርም። ከውስጥ በኩል ጥቁር ወረቀት ይለጠፋል፤ አለበለዚያ የነጩ ቱቦ ነጸብራቅ ፎቶውን ያደበዝዘዋል።

በስልኩ በኩል ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ጠንካራ የስልክ ከቨር ነው። በዋናው ሌንስ ትክክል ክብ ቀዳዳ ይበሳለታል፣ ቱቦው በጠንካራ ማጣበቂያ ይያዝበታል። ከማጣበቁ በፊት ግን ስልኩን በእጅ ይዞ፣ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያሉ ጥቁሩ ክብ በጣም የሚጠብበትን ርቀት መፈለግ ግድ ነው። ያ ርቀት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በእሱ ነው። አንድ የእንጨት ወይም የብረት ባለሙያ ይህን በግማሽ ቀን ይሠራል፤ አንዴ ከሠራው ደግሞ ለአሥር ትምህርት ቤት ይሠራል።

የቀረው ትዕግሥት ነው። በ3,000 ሚሊ ሜትር ላይ የጣት ንክኪ የመሬት መንቀጥቀጥ ያህል ነው፤ ስለዚህ በጊዜ ማቆያ ወይም በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ላይ ባለው ቁልፍ ማንሳት፣ ከባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ሥር ድንጋይ የያዘ ከረጢት ማንጠልጠል ይረዳል። ውሃ ላይ ፀሐይ ከበረታች በኋላ አየሩ እንደ እሳት ወላፈን ስለሚንቀጠቀጥ ምንም ዓይነት መሣሪያ ጥርት ያለ ፎቶ አይሰጥም። ጊዜው ንጋት ነው፤ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ። ነጭ ሳቢሳ ሲነሳ ደግሞ ብርሃኑን ጥቂት መቀነስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ወፏ ላባ የሌላት ነጭ ጨርቅ መስላ ትወጣለች።

«ረጅም ዙም ያለው አንድ ካሜራ አይሻልም?»

ይህ ጠንካራ ተቃውሞ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ኒኮን ፒ900 እስከ 2,000፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒ1000 እስከ 3,000 ሚሊ ሜትር በአንድ አካል ይደርሳሉ። ቱቦ መቁረጥ የለም፣ ማጣበቅ የለም። ብቻውን ለሚሠራ፣ የሚበር ወፍ ለሚያሳድድ፣ ገንዘብም ላለው ሰው ምርጫው እሱ ቢሆን የሚነቅፈው የለም።

ለመራዊ ትምህርት ቤት ወይም ለዘጌ አስጎብኚዎች ማኅበር ግን ነገሩ ይለያል። ካሜራው የአንድ ሰው ዕቃ ነው። አንድ ሰው ይይዘዋል፣ ሲበላሽ አንድ ሰው ያዝናል፣ ያ ሰው ከተማ ሲለቅ መዝገቡም አብሮ ይለቃል። ቴሌስኮፕ ግን ቆሞ ይጠብቃል። አርባ ተማሪ ተሰልፎ በተራ ዓይኑን ያስጠጋበታል፤ ከዚያ የፈለገው በራሱ ስልክ ያነሳል። ስልኩ ሲያረጅ ይቀየራል፤ ቴሌስኮፑ በጥንቃቄ ከተያዘ ሃያ ዓመት ያገለግላል። ባትሪ የለውም፣ ሶፍትዌር የለውም፣ ጊዜው አያልፍበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

አንዲት ቀለበት

የዚህ ሁሉ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በአንዲት ወፍ ላይ ነው። ፈረንጆቹ ክሬን ይሏታል፤ የግንባታ ማንሻው ክሬን ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው፤ ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያላት ወፍ ናት። አራት ዓይነት ክሬኖች በኢትዮጵያ ይታያሉ። ሁለቱ የዚሁ አገር ነዋሪ ናቸው፤ አንደኛዋ በራሷ ላይ የወርቅ አክሊል የመሰለ ላባ ያላት ናት። ሁለቱ ግን የክረምት ብርድ ሸሽተው ከሰሜን የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ግራጫዋ ክሬን ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ ጭምር ተነስታ፣ የኛ በጋ ሲገባ ጣና ዙሪያ ትደርሳለች፤ ቀን ቀን አዝመራ በተነሳበት ማሳ የወደቀ እህል ትለቅማለች፣ ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆማ ታድራለች።

በአውሮፓ ተመራማሪዎች ገና ጫጩት ሳለች ይይዟትና በሁለቱም እግሮቿ ላይ ሦስት ሦስት ባለ ቀለም ቀለበት ያስሩላታል። የአንዱ እግር ቀለሞች የታሰረችበትን አገር፣ የሌላው እግር ቀለሞች ራሷን ወፏን ይናገራሉ። እንግዲህ ይህች ወፍ ሰው በቀላሉ አያስጠጋትም፤ በመቶዎች ሜትር ርቀት ላይ እያለች ትነሳለች። በዓይን ቀለበቱ አይታይም፣ በስልክ ብቻ ነጥብ ናት። በቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመ ስልክ ግን ስድስቱን ቀለሞች አንድ በአንድ ያሳያል።

አንዲት እንዲህ ያለች ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ተጽፎባት፣ ከጣና ዳር ብትላክ፣ ኢስቶኒያ ያለው ተመራማሪ ያሰራት ጫጩት በሕይወት መኖሯን፣ የት እንደከረመች ያውቃል። የመራዊ አካባቢ ተማሪ ደግሞ ከአባቱ ማሳ እህል የምትለቅመው ወፍ ስንት አገር አቋርጣ እንደመጣች ያውቃል። መረጃው በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ በሩፔል ጊዜ የሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር።

ገበሬውም ከዚህ ይጠቀማል። «ወፍ ጨረሰብኝ» የሚል ገበሬና «ወፏ ምንም አላደረገች» የሚል ጥበቃ ባለሙያ ሁለቱም ያለ ማስረጃ ሲከራከሩ ይኖራሉ። ማሳውን የወረረው ግሪሳ ነው ወይስ ዝይ? ወይስ የወደቀውን ብቻ የምትለቅመው ክሬን? በየሳምንቱ የሚነሳ ፎቶ ይህን ክርክር ከግምት ያወጣዋል።

ከሁሉ በፊት ግን

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ቀናት በፊት የጀመረው ውጊያ የሰዎችን መንገድ ሁሉ ለውጦታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ረጅም ቱቦ ተክሎ ርቆ የሚመለከት ሰው ከሁለቱም ወገን ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በሰላሙ ጊዜም ቢሆን የርቀት መነጽር የያዘ ሰው «ለምንድነው?» መባሉ የተለመደ ነው። ስለዚህ «ቴሌስኮፕ ይዛችሁ ውጡ» ብሎ ወጣትን የሚገፋፋ ጽሑፍ ኃላፊነት የጎደለው ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ሰው ሳይሆን ደብዳቤው ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የክልሉ የአካባቢ ጥበቃና የቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በስምና በፎቶ የታወቁ ሰዎችን መመደብ፣ ለወረዳውና ለቀበሌው ማሳወቅ፣ የአገር ሽማግሌዎችም እንዲያውቁ ማድረግ አለባቸው። ተመልካቾቹም ብቻቸውን አይወጡም፤ የግድቡን ግንብ፣ ድልድይ፣ ካምፕ፣ የታጠቀ ሰው አያነሱም። በማያስተማምን ቀን ቤት መዋል ነው። አንድም ወፍ የሰው ሕይወት አታክልም። ውሃ ዳር መውጣት በማይቻልበት ወር ከትምህርት ቤቱ ግቢ ዋርካ ላይ ያሉትን ወፎች መመዝገብም መዝገብ ነው።

ኢንተርኔቱም አስተማሪ ነገር አለው። በክልሉ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይዘነጋውም። መዝገቡን በሙሉ በአንድ የውጭ መተግበሪያ ላይ ያኖረ ሰው በዚያ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ መሠረቱ ደብተር መሆን አለበት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የወፍ ዓይነት፣ ብዛት፣ የፎቶው ቁጥር። ስሙ ካልታወቀ የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም ይጻፍ፤ ብሩስ ያደረገው እንኳ ያንን ነው። ፎቶው በካርድ ላይ ይቀመጥ፣ ቅጂው በትምህርት ቤቱ ይኑር። መስመሩ ሲመለስ ለዓለም ይላካል። ቀን የሌለው ፎቶ ግን ቆንጆ ከመሆን በቀር ምንም አይመሰክርም።

ምን ይደረግ?

ለጣና ብዙ ስብሰባ ተደርጓል። በ2011 እ.ኤ.አ. እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ የታተመው ባነርና ቲሸርት ብዛቱን የአሳተመው ያውቃል። ከዚያ ወጪ ጥቂቱ ወደ መስታወት ቢቀየር ምን ይገኝ ነበር? አንድ ቴሌስኮፕ ለመራዊ፣ አንድ ለዘጌ፣ አንድ ለፎገራ፣ አንድ ለጎርጎራ። ለእያንዳንዱ አንድ ማቆሚያ፣ አንድ የፒቪሲ ማያያዣ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ኃላፊ መምህር። መስታወቱ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ በሞዴል 19 ገቢ ይደረግ፤ ማንም ዝውውር ሲያገኝ ይዞት እንዳይሄድ።

ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር ይካሄዳል። ከጥር እስከ ጥር የሚደረግ ንጽጽር ነው የወፍን መቀነስና መጨመር የሚያሳየው። ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ያሏት አገር፣ ከእነዚህም የእሷ ብቻ የሆኑ ያሏት አገር፣ ለዚህ ቆጠራ የራሷን ዓይኖች ማሰልጠን አያቅታትም። ጦርነቱ ሥራ ያሳጣቸው የባሕር ዳርና የዘጌ አስጎብኚዎች ወፍ በስሟ የሚያውቁ፣ ፈረንጅ ሲመራቸው ሳይሆን ፈረንጅ ሲመሩ የኖሩ ናቸው። እንግዳ እስኪመለስ ድረስ መዝገብ እየያዙ መጠነኛ ክፍያ ቢያገኙ እውቀታቸው አይበተንም፤ እንግዳው ሲመለስ ደግሞ «ባለፈው ጥር ይህን ያህል ነበሩ» የሚል አስጎብኚ ያገኛል።

በመራዊ ጥር ከእንግዲህ የሐዘን ወር ነው። ያ ሐዘን በወፍ ቆጠራ አይካካስም፤ ይካካሳል የሚልም የለም። ነገር ግን በዚያ ወር የተማርነው ነገር ቢኖር ያልተቆጠረ፣ ያልተጻፈ፣ ፎቶ ያልተነሳ ነገር ለካጅ ምቹ መሆኑን ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የኮጋን ዳርቻ ነገ የሚያርስ፣ የሚሸጥ፣ የሚያጥር ይመጣል፤ «እዚህ ምን ነበረና?» ብሎም ይጠይቃል። ያን ጊዜ መልስ የሚሆነው የአንድ መምህር ደብተርና በስልክ የተነሳ፣ ቀን የተጻፈበት የወፍ ፎቶ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ወጪ ትንሽ ነው፤ ደብዳቤውን የሚፈርም ሰው ይፈለግ።